የጉምሩክ ዳታ ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ? የአንድ ክር ሙሉ ውሎ

በመድረካችን የላኪና አስመጪ ክፍል ከሰሞኑ እንደዚህ የጋለ ክር (የጥያቄና ምላሽ ውይይት) አላየሁም። ምላሾቹ 30 አልፈዋል፤ ግማሹ ጠቃሚ፣ ሩቡ ጭቅጭቅ፣ የቀረው ስለ በርበሬ ነው። ሁሉንም ለማንበብ ጊዜ ላጣችሁ ቅደም ተከተሉን ሳልለቅ አስቀምጬዋለሁ። መሃል ላይ የራሴንም ጣል አድርጌያለሁ።

የመክፈቻው ጥያቄ

ክሩን የከፈተው ማሾ ላኪ በሚል ስም የሚጽፍ አባል ነው። ማሾ፣ ቦሎቄና ሽምብራ የሚልክ ትንሽ ድርጅት አለው፤ እስካሁን ዕቃውን የሚሸጠው ዱባይ ላሉ ሁለት ነጋዴዎች ነው፤ እነሱ ለማን እንደሚያሻግሩት አያውቅም። አሁን መሃል ያለውን ሰው ዘሎ በቀጥታ ህንድ መግባት አምሮታል። በዚህ መሃል አንድ የውጭ ድርጅት በኢሜይል መጥቶበታል፦ የገዢ ስም፣ የኮንቴነር ብዛትና ዋጋ ያለበት የጉምሩክ ዳታ በዓመታዊ ክፍያ ልሽጥልህ የሚል። ክፍያው ለእሱ ከአንድ ኮንቴነር ትርፍ አይተናነስም። ከመክፈሉ በፊት በነፃ የሚገኘውን ትሬድ ማፕ የተባለ የዓለም ንግድ አሃዝ ድረ ገጽ ከፍቶ 071331 የሚለውን የማሾ ኮድ ቢያስገባ፣ ህንድ በየዓመቱ የምታስገባው ብዛት አስደንግጦታል። ጥያቄው ሁለት ነው፤ ዳታውን ልግዛ ወይ? ቁጥሩስ እውነት ከሆነ ይሄ ሁሉ ላኪ ለምን ህንድ አልተሰለፈም?

ምላሽ 1 እና 2

የመጀመሪያው እንኳን አደረሰህ ዓይነት ነው፤ ሐሳቡን አድንቆ በርታ ወንድሜ ይለዋል። ሁለተኛው ሳያቅማማ ግዛ ይላል። የዘመኑ ነጋዴ በዳታ እንጂ በሻይ ቤት ወሬ አይሠራም ባይ ነው። ሲገዛ ያገኘውን ግን አልነገረንም።

ምላሽ 3

ትራንዚተሩ የሚባለው የቆየ አባል ገባና ክሩን አቀና። ኤችኤስ ኮድ፣ ማለትም ዕቃ በጉምሩክ የሚመደብበት ቁጥር፣ እስከ 6 አሃዝ ድረስ በሁሉም አገር አንድ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን እያንዳንዱ አገር እንደሚመቸው ይቀጥለዋል። 071331 ደግሞ ሁለት የተለያዩ እህሎችን ባንድ ቋት የሚይዝ ቁጥር ነው፦ የኛን አረንጓዴ ማሾና ህንዶቹ ኡራድ የሚሉትን ጥቁሩን። ህንድ በዚህ ኮድ የምታስገባው ባብዛኛው ኡራድ ነው፤ እሱም በብዛት የሚመጣው ከማይናማር ነው። ማሾን በተመለከተ የህንድ መንግሥት ከየካቲት 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንደልብ ከማይገቡ ዕቃዎች ተርታ መድቦታል። ስለዚህ ጠያቂውን ያስደነገጠው ቁጥር የሌላ ሰው ገበያ ነው። ላኪው ሁሉ ያልተሰለፈውም በሩ ስለተዘጋ እንጂ ሰነፍ ሆኖ አይደለም።

ይሄን ምላሽ ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት። ይሄ ሁሉ ያለ አንድ ሳንቲም ክፍያ የተገኘ መሆኑን ልብ በሉ።

ምላሽ 4 እስከ 6

ጠያቂው አመስግኖ ክው ማለቱን ሳይደብቅ ጻፈ። ቀጥሎ ግን መርካቶ ልጅ የተባለ አባል ነገሩ አልዋጥ አለው፤ አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ ህንድ ከየት ምን እንደምታስገባ ማን ነገረህ ዓይነት፣ ትንሽ ስድብ የሚሸት ጥያቄ ነው። ትራንዚተሩ አልተቆጣም። የህንድ ንግድ ሚኒስቴር የገቢና ወጪ ንግዱን በ8 አሃዝ ኮድ፣ በየአገሩ ከፋፍሎ ለማንም ክፍት አድርጎ እንደሚያወጣ፣ እዚያ ላይ ማሾና ኡራድ ለየብቻ እንደሚቀመጡ አሳየው። ኮዱን መርጦ አገሮቹን በብዛት ቅደም ተከተል መደርደር ብቻ ነው ሥራው። ለቻይና ደግሞ የጉምሩኩ አስተዳደር በየወሩ የሚያወጣው አለ፤ ለአውሮፓ ኅብረት የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቱ ዩሮስታት አለ። የመርካቶ ልጅ ከዚህ በኋላ ለረጅም ጊዜ ጠፋ።

ምላሽ 7 እስከ 9

ሰባተኛዋ ራሷን የሕግ ሰው አድርጋ ያስተዋወቀች አባል ናት። የህንድ የኮንቴነር ዳታ ከነገዢው ስም እሸጣለሁ የሚል ሰው ሲመጣ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ከየት አመጣኸው ነው ትላለች። ህንድ በ2022 እ.ኤ.አ. የጉምሩክ ሕጓ ላይ 135ኤኤ የሚል አንቀጽ ጨምራለች፤ የላኪና አስመጪን የዋጋና የመጠን መረጃ ሕጉ ከሚፈቅደው ውጭ ያወጣ እስከ 6 ወር እስራት ወይም እስከ 50 ሺህ ሩፒ ቅጣት፣ ካስፈለገም ሁለቱም ይጠብቁታል። ስለዚህ ዳታው ወይ ከዚያ በፊት የነበረ ያረጀ ነው፣ ወይ ከሌላ አገር መዝገብ ተቀጣጥሎ የተሠራ ነው፣ ወይ ደግሞ መግዛቱ ራሱ ሊያስጠይቅ የሚችል ነው። ከሦስቱ የትኛውም የኮንቴነር ትርፍ አያወጣም ብላ ደመደመች።

ስምንተኛው ቁጥር አዋቂው የሚባል አዲስ አባል ነው፤ ይሄ ሁሉ የምቀኛ ወሬ እንደሆነ፣ እሱ የሚያውቀው ድርጅት መረጃውን ከመርከብ ሰነዶች በሕጋዊ መንገድ እንደሚሰበስብ ጽፎ የስልክ ቁጥር አስከተለ። ዘጠነኛው አወያያችን ነው፤ ስልኩን አጥፍቶ ማስታወቂያ በክፍያ ክፍል ነው ሲል አስጠነቀቀ። የሰውየው መገለጫ የተከፈተው ክሩ በተከፈተ ማግስት መሆኑን አይቻለሁ፤ ትርጉሙን ለናንተ እተወዋለሁ።

ምላሽ 10

እቴቴ ዲሲ ከሜሪላንድ ነው የምትጽፈው፤ በርበሬ፣ ሽሮና ቆሎ አስመጥታ ለሐበሻ ሱቆች ታከፋፍላለች። አሜሪካ ግን ከህንድ የተለየች ናት አለች፤ በመርከብ የሚገባ ዕቃ የጭነት ዝርዝር ለሕዝብ ክፍት ነው፤ የላኪውና የተቀባዩ ስም፣ የዕቃውም ዓይነት ይታያል። ስሙ እንዳይወጣ የፈለገ አስመጪ ማመልከት ስለሚችል ግን ትልልቆቹን ብዙ ጊዜ አታገኟቸውም። በአውሮፕላን የሚገባውም ጭራሽ የለበትም፤ የእሷ በርበሬ ግማሹ በአየር ካርጎ ስለሚመጣ ያ ግማሽ በዚያ ዳታ ላይ የለም።

ከሁሉ የጠቀመኝ ቀጥሎ ያለው ነው። አገሩን ኢትዮጵያ ብሎ የፈለገ ሰው ብዙ ያመልጠዋል፤ መጫኛ ወደብ በሚለው ቦታ የሚጻፈው ጅቡቲ ነው፤ ዕቃው ጂዳ ወይም ሳላላ ላይ መርከብ ከቀየረም የሚታየው የዚያ ወደብ ስም ሊሆን ይችላል። ተቀባይ በሚለው ሥር ደግሞ በኤልሲ (ባንክ ለክፍያው ዋስ በሚሆንበት ሰነድ) የተላከ ዕቃ ከሆነ ቱ ኦርደር ኦፍ (በእገሌ ትእዛዝ) ይልና የባንክ ስም ይከተላል። ስለዚህ ዓይን መጣል ያለበት ኖቲፋይ ፓርቲ (ዕቃው ሲደርስ የሚነገረው ወገን) የሚለው ላይ ነው፤ እሱም ቢሆን አንዳንዴ ዕቃ አስተላላፊው ነው። እሷ ራሷ ከዚህ ሁሉ ይልቅ የምትጠቀምበት ኤፍዲኤ፣ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪው፣ ድንበር ላይ የመለሳቸውን ዕቃዎች ከነላኪው ስምና ከነምክንያቱ የሚያወጣበትን ዝርዝር ነው። አዲስ አቅራቢ ስታገኝ ስሙን መጀመሪያ እዚያ ትፈልጋለች፤ በሳልሞኔላ የተመለሰበት ከሆነ ናሙናም አትጠይቀውም።

ምላሽ 11 እስከ 14

እዚህ ላይ ክሩ መንገድ ሳተ። አንዱ የሜሪላንድ በርበሬ ኪሎው ስንት እንደሆነ ጠየቀ፣ ሌላው ዋጋውን ሰምቶ ጉድ አለ፣ ሦስተኛዋ የማረቆ በርበሬ ከአላባው ይበልጣል ወይስ አይበልጥም የሚል የራሷን ጦርነት ከፈተች። አወያዩ አዲስ ክር ክፈቱ አለ፤ የሰማው የለም።

ምላሽ 15

የሁመራ ልጅ ወደ ጉዳዩ መለሰን። ሰሊጥ ነው የሚልከው፤ ዳታን የሚጠቀምበት ገዢ ለመፈለግ ሳይሆን ጊዜ ለመምረጥ ነው። ቻይና በዓመት 1 ሚሊዮን ቶን አካባቢ ሰሊጥ ታስገባለች። የወር በወሩን አሃዝ በየአገሩ ደርድሮ ሲያየው የታንዛኒያና የሞዛምቢክ ዕቃ መቼ እንደሚጎርፍ፣ መቼ እንደሚሳሳ ይለያል። የኛ ምርት ጥቅምትና ህዳር ላይ ሲደርስ የምዕራብ አፍሪካውም አብሮ ይደርሳል፤ የቻይና ገዢ ያን ጊዜ እንደሚኮራ ማንም ላኪ በኪሱ ያውቀዋል። አዲሱ ነገር ብራዚል ናት፤ ቻይና የብራዚልን ሰሊጥ ለማስገባት የተስማማችው በህዳር 2024 እ.ኤ.አ. ነው። የእነሱ እህል በሚገባባቸው ወራት ዕቃ የሚሳሳበት የድሮው ክፍተት ይቀጥላል ብሎ ክረምቱን ሙሉ መጋዘን አቆይቶ የሚጠብቅ ሰው ይጎዳል ባይ ነው። ገዢው ዕቃ ሞልቶናል ሲለውም የቻይናው ቺንግዳኦ ወደብ ክምችት ወሬ ምን እንደሚል አጣርቶ ነው የሚመልስለት።

አንድ ማሳሰቢያም ጨምሯል። የኛ በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ የህንድ ኤፕሪል 1፣ የቻይና ጃንዋሪ 1። ሦስቱን ዓመታት ጎን ለጎን አስቀምጦ ገበያው ወደቀ ወይም ተነሳ ማለት ቀልድ ነው፤ ወር በወር ወስዶ መደመር ግድ ይላል።

ምላሽ 16 እስከ 18

ቡና ነጋዴ የሚል አባል መጥቶ ዳታ ማለት እንዲህ ነው በሚል ስሜት በ2017 በጀት ዓመት የቡና ወጪ ንግዳችን ከቀደመው ዓመት በእጥፍ ሊያድግ ትንሽ እንደቀረው ጻፈ። ትራንዚተሩ አረመው። ገቢው ከ1.43 ቢሊዮን ዶላር ወደ 2.65 ቢሊዮን ገደማ ማደጉ ልክ ነው፤ መጠኑ ግን ከ299 ሺህ ቶን አካባቢ ወደ 469 ሺህ ቶን አካባቢ ነው የሄደው። ሲካፈል ኪሎው በአማካይ ከ4 ዶላር ከ80 ሳንቲም ገደማ ወደ 5 ዶላር ከ65 ገደማ ወጥቷል። በመጠን ያለው ዕድገት 57 በመቶ ያህል ነው፤ የቀረውን ያመጣው ዋጋው ነው። የገቢ ቁጥር ብቻ የሚያይ ሰው ዋጋ ሲወርድ የኛ ድካም የወረደ ይመስለዋል።

አሥራ ስምንተኛው ላይ ነገሩ ከረረ። የመርካቶ ልጅ ተመልሶ መጣና የላኪ ዋጋ ማለት ከመጀመሪያውም ውሸት ነው፣ ሁሉም ኢንቮይሱን አሳንሶ ነው የሚጽፈው፣ እናንተ በሐሰት ቁጥር ላይ ሒሳብ ትሠራላችሁ የሚል ጅምላ ክስ ወረወረ።

ምላሽ 19

ጋሽ ቦሎቄ እዚህ ላይ መጡ። ስማቸው ቀልድ ቢመስልም ከሁላችንም በፊት ጥራጥሬ ይልኩ የነበሩ ሰው ናቸው፤ ሁሉም አንቱ ይላቸዋል። ልጁን አልተቆጡትም፤ ነገሩን ከፋፈሉለት። ዋጋ የሚያሳንስ ላኪ መኖሩን አልካዱም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 በፊት፣ የብሩ ምንዛሪ ለገበያ ሳይለቀቅ፣ ያለውን የዋጋ አሃዝ ግን ሌላም ነገር ያጣምመዋል። ዶላር በባንክ ወረፋ በነበረበት ጊዜ ብዙ ሰው ሰሊጥና ቦሎቄ የሚልከው በዕቃው ለማትረፍ አልነበረም። እዚህ በውድ ገዝቶ እዚያ በርካሽ እየሸጠ በሚያገኘው ዶላር ጎማ፣ ብረት ወይም መለዋወጫ ያስገባና ኪሳራውን ከዚያ ያወጣ ነበር። ያ ዋጋ በኢንቮይስ ላይ እውነተኛ ነው፤ ገዢውም የከፈለው እሱን ነው። ግን ላኪነትን ብቻ ሥራዬ ብሎ የያዘ ሰው በዚያ ዋጋ ተነስቶ ቢያቅድ ይከስራል። የብሩ ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ያለውን ለየብቻ እዩት፣ ከፊተኛው ጋር አማካይ አታውጡበት ነው ምክራቸው።

የመርካቶ ልጅ ለዚህ መልስ አልሰጠም። እኔ ግን አንድ ቢሮ ውስጥ ተቀምጬ ለዓመታት ሰነድ ስሠራ ይሄን እንዲህ ጥርት አድርጎ ያስቀመጠልኝ ሰው አልነበረም።

ምላሽ 20 የኔ

ጋሼን ተከትዬ የጻፍኩት አጭር ነው። የኛው የጉምሩክ ኮሚሽን ሲያወጣው በቆየው አሃዝ ላይ ጥቅል ክብደትና የተጣራ ክብደት ለየብቻ ዓምድ አላቸው፤ የኪሎ ዋጋ የምታወጡ ከሆነ በተጣራው አካፍሉ። የኛ ወጪ ዋጋ ኤፍኦቢ (ዕቃው መርከብ ላይ እስኪጫን ድረስ ያለው ዋጋ) ነው፣ የገዢው አገር ደግሞ ባብዛኛው የሚመዘግበው በሲአይኤፍ ነው። መርከብና ኢንሹራንስ ስላለበት የእነሱ ቢበልጥ ሌባ ተገኘ ማለት አይደለም። የሁለቱን አገር መዝገብ ማወዳደር ከፈለጋችሁ በቶን ይሻላል። ቶኑም ካልገጠመ ዕቃው መንገድ ላይ አገር ቀይሯል ማለት ሊሆን ይችላል፤ ለዱባይ ብለን የመዘገብነው ጭነት ሌላ አገር መዝገብ ላይ የኢትዮጵያ ዕቃ ተብሎ ብቅ ይላል። ጠያቂያችን ሁለቱ ደንበኞቹ ማሾውን ለማን እንደሚያሻግሩት ለመገመት የሚያስችለው ነፃ መንገድ ይሄ ነው አልኩ።

ምላሽ 21 እስከ 24

እዚህ ላይ አንድ አባል፣ ስሙን አልጽፍም፣ ይሄን ሁሉ ከመድከም የተፎካካሪህን ዲክላራሲዮን (ለጉምሩክ የሚቀርብ የዕቃ መግለጫ) ከነኢንቮይሱ የሚያወጣልህ የማውቀው ሰው አለ ብሎ ብቅ አለ። ሦስት ሰው ተከታትሎ ወረደበት። የሕግ ባለሙያዋ የሰው የንግድ ሰነድ በጓሮ ማውጣት ወንጀል እንደሆነ፣ የሚሰጠውም የሚቀበለውም አብረው እንደሚጠየቁ ጻፈች። የሁመራ ልጅ ዛሬ የሱን ያወጣልህ ሰው ነገ ያንተን ለሱ ያወጣለታል አለ። እቴቴ ዲሲ ደግሞ በአንድ መስመር፣ እዚህ የምናነበው ለመነገድ እንጂ ለመታሰር አይደለም ብላ ዘጋችው። አወያዩ ምላሹን አጠፋ።

ምላሽ 25 እስከ 27

ቃሊቲ የሚባል አስመጪ እስካሁን የላኪ ወሬ ብቻ ነው ብሎ ቅሬታውን አቀረበ፤ ልክ ነው። የእሱ ጥቅም ከአስመጪው ወገን ነው። በገቢ ዕቃ አሃዝ ላይ ሁለት የአገር ዓምድ አለ፦ ዕቃው የተሠራበትና የተላከበት። እሱ የሚያስመጣውን የቧንቧ ዕቃ ደይራ፣ የዱባይ የንግድ ሰፈር፣ ካለ ነጋዴ ነበር የሚገዛው። በኮዱ ቢያይ የተላከበት ኤምሬትስ፣ የተሠራበት ቻይና የሚል ረድፍ አለ፤ ከሥሩ ደግሞ ሁለቱም ቻይና የሆነ ሌላ ረድፍ። ሁለቱን በኪሎ ሲያካፍል ልዩነቱን አገኘ። ያን ይዞ ደይራ ያለውን ሰውዬ ቢያነጋግረው ዋጋ ቀነሰለት፤ ቻይና መሄድ አላስፈለገውም።

አንዱ ይሄንኑ አሃዝ ይዤ ጉምሩክ ያስገባሁትን ዋጋ አልቀበልም ሲለኝ ልከራከርበት እችላለሁ ወይ ሲል ጠየቀ። ትራንዚተሩ ተስፋ አልሰጠውም። አማካይ ዋጋ ያንተን ግብይት አያረጋግጥም፤ የሚያድንህ የባንክ ክፍያህ፣ ኮንትራትህና የሻጩ ደብዳቤ ነው አለው።

ምላሽ 28 እና 29

ያኔ ግዛ ያለው የሁለተኛው ምላሽ ባለቤት ተመልሶ፣ ገንዘብ ያለው ሰው ቢገዛ ምን አለበት፣ ሁሉንም ነገር በነፃ መፈለግ የድህነት ልማድ ነው የሚል ነገር ወርወር አደረገ። ጋሽ ቦሎቄ አንድ የሚያውቁትን ሰው ታሪክ ነገሩት፤ ሰውየው ዝርዝር ገዝቶ በመቶዎች ለሚቆጠሩ አድራሻዎች ጻፈ፤ መልስ ከሰጡት ጥቂቶች ገሚሶቹ ዕቃ አስተላላፊዎች ነበሩ፤ ሥራ ሰጥተኸን ነው ወይ ብለው የማጓጓዣ ዋጋ ላኩለት።

የሁለተኛው ምላሽ ሰው ሐሳብም ግን ፍሬ አለው። መላክ ያለበት ዕቃ ብዙ ለሆነና የአሜሪካን ገበያ ለሚፈልግ ድርጅት እዚያ ያለውን የመርከብ ዝርዝር አጥርቶ የሚያቀርብለትን አካል መክፈል ሊያዋጣ ይችላል። አንድ ኮንቴነር ማሾ ለያዘ ሰው ግን አይደለም።

ምላሽ 30 እስከ 33

ጠያቂው ከሰሞኑ የሠራውን ይዞ ተመለሰ። ዳታውን አልገዛም። 071331ን በድጋሚ ከፍቶ ኡራድ የማይበላባቸውን አገሮች ለየ፤ እዚያ በዚያ ኮድ የሚገባው ማሾ ነውና። ኢንዶኔዥያ ላይ ዓይኑ አርፏል፤ ማሾን ገንፎም ቡቃያም አድርገው ይበሉታል፣ አስመጪነታቸውም በአንድ ዓመት ብቻ የታየ አይደለም፣ የኢትዮጵያ ዕቃም በመዝገባቸው ላይ አለ። ከዱባይ ደንበኞቹ አንዱ ወደዚያ እንደሚያሻግር ጠርጥሯል፤ ጥርጣሬውን ግን ለሰውየው አልነገረም።

የሕግ ባለሙያዋ ከዱባዩ ሰው ጋር የገባኸው ኮንትራት በቀጥታ እንዳትሸጥ የሚከለክል አንቀጽ እንዳለው ቀድመህ አንብብ አለችው። ትራንዚተሩ የእርጥበት መጠኑን፣ የምርት ዘመኑንና እህሉ በማሽን መበጠሩን ጠየቀው፤ የኳራንታይን ደንባቸውን ደግሞ ጃካርታ ካለ አስመጪ እንጂ ከኢንተርኔት እንዳይወስድ ነገረው። ጋሽ ቦሎቄ ለመጀመሪያ ጭነት በካድ (ገዢው ሰነዱ ሲቀርብ በሚከፍልበት መንገድ) አትላክ፣ ኤልሲ ካልከፈተ ዕቃህን አታንቀሳቅስ ብለዋል።

ጠያቂው አሁን ሱራባያ ወደብ ላይ ዕቃ አራግፎ የሚያውቅ አለ ወይ ብሎ ጠይቋል። እስካሁን የመለሰለት የለም፤ ከማረቆ በርበሬዋ ሴትዮ በቀር።